ላይትበርን ማሽኔን አያየውም፤ ማሽኑ ነው ወይስ ሶፍትዌሩ?

ሽሮሜዳ_እንጨት

ሰላም ለሁላችሁ። ሽሮ ሜዳ አካባቢ አነስተኛ የእንጨት ሥራ አለኝ። የቁልፍ መያዣ፣ የግድግዳ ጽሑፍ፣ የሠርግ ስጦታ እሠራለሁ። በቅርቡ ያገለገለ ሌዘር ማሽን ገዛሁ። ሰማያዊ ሳጥን ነው፣ ውስጡ የመስታወት ቱቦ ያለው፣ 40 ዋት የሚባለው ዓይነት። የሸጠልኝ ሰው «በፈለግሽው ሶፍትዌር ይሠራል» ብሎኛል። አብሮት የመጣ ሲዲ አለ። ሲዲው ላይ ያለው ፕሮግራም ግን ወርቃማ የዩኤስቢ ቁልፍ ካልተሰካ አልሠራም ይላል። ቁልፉ ደግሞ የለም። ሰውዬው ስልክ አያነሳም።

ሁሉም ሰው ላይትበርን የሚባለውን የሌዘር ሶፍትዌር ስለሚያነሳ የሙከራውን ጫንኩ። ማሽኑን አያገኘውም። ዩኤስቢውን ስሰካ ኮምፒውተሩ «ቲን» ይላል፤ የፖርት ዝርዝሩ ግን ባዶ ነው። ገመድ ቀየርኩ፣ ሌላ ላፕቶፕ ላይም ሞከርኩ፣ ያው ነው። ተበላሽቶ ይሆን? ሌላው ደግሞ ደንበኞች የሚያመጡት የአማርኛ ጽሑፍ እኔ ጋ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ዊንዶውስ 10 ነው ያለኝ።

ቦርድ_ፈቺ

አይዞሽ እህቴ፣ ኮምፒውተሩ ድምፅ ካሰማ ቦርዱ በሕይወት አለ ማለት ነው። የማሽኑን ስምና ዋቱን ለጊዜው ተይው። ሶፍትዌር የሚያወራው ከሳጥኑ ጋር ሳይሆን ከቦርዱ ጋር ነው። በቀኝ በኩል ያለውን ክዳን ክፈቺና ዩኤስቢው የሚገባበት ቦርድ ላይ ምን እንደተጻፈ ንገሪን።

ከመክፈትሽ በፊት ግን ሶኬቱን ከግድግዳ ንቀዪ። ማብሪያ ማጥፊያውን መጫን አይበቃም። እዚያው ክፍል ውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ ለቱቦው ከአሥር ሺህ ቮልት በላይ ነው የሚልከው። ከነቀልሽም በኋላ ትንሽ ታገሺ፣ ወደ ቱቦው የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ደግሞ ጨርሶ አትንኪ።

ሽሮሜዳ_እንጨት

ከፈትኩት። መዳፍ የምታክል ቦርድ ነች። «6ሲ6879 ሌዘር ኤም2» ይላል፣ ጎኑ ላይ «ኤም2 ናኖ» የሚል አለ። በእጅ የሚዞር የኃይል ማስተካከያና መርፌ ያለው ሚሊአምፔር መለኪያም አለው።

ቦርድ_ፈቺ

በቃ ታወቀ። የገዛሽው ሰው ሁሉ ኬ40 የሚለውን ነው፤ ቦርዱም ሊሁዩ የሚባል የቻይና ኩባንያ ሥራ ነው። ማሽንሽ አልተበላሸም። ላይትበርን ይህን ቦርድ አይደግፍም። ሙከራው ብቻ አይደለም፣ ብትከፍይበትም አይደግፍም።

ምክንያቱን ልንገርሽ፣ ሌላ ቀንም ይጠቅምሻል። ላይትበርን ሦስት ዓይነት ቦርዶችን ያናግራል። አንደኛው ጂኮድ የሚባለውን የማሽን ትዕዛዝ ቋንቋ የሚቀበሉት ናቸው፣ ጂአርቢኤል የሚባለው ፕሮግራም የተጫነባቸውን የመሳሰሉት፤ ርካሾቹ የዳዮድ ሌዘሮች አብዛኛዎቹ እዚህ ይገባሉ። ሁለተኛው እንደ ሩይዳ፣ ትሮሰንና ቶፕዊዝደም ያሉት የትልልቅ ሲኦቱ (የጋዝ ቱቦ ሌዘር) ማሽኖች ቦርዶች ናቸው። ሦስተኛው ኢዚካድ2 የሚባለውን ሶፍትዌር የሚጠቀሙት የጋልቮ ማሽኖች (ጨረሩን በሚዞሩ መስታወቶች የሚመሩት) ናቸው፣ ብረት ላይ የሚጽፉት። ያንቺ ቦርድ ከሦስቱም አይደለም። ጂኮድ አይገባውም፤ የራሱ የተዘጋ ቋንቋ አለው።

የፖርት ዝርዝሩ ባዶ የሆነውም ለዚህ ነው። ቦርዱ ላይ ያለው ቺፕ ሲኤች341 ይባላል፤ እንደ ኮም ፖርት (ላይትበርን ዝርዝሩ ላይ የሚፈልገው የግንኙነት በር) አይታይም። የጂአርቢኤል ቦርዶች ላይ በብዛት ያለው ሲኤች340 ነው፣ እሱ ኮም ፖርት ሆኖ ይወጣል። ሰው በቁጥሩ መመሳሰል ተታሎ የሲኤች340ን ድራይቨር ደጋግሞ ሲጭን ይውላል። ምንም አያመጣም።

አሁን መንገዱ ሁለት ነው። ወይ ይህን ቦርድ የሚያውቅ ሶፍትዌር ትጠቀሚያለሽ፣ ወይ ቦርዱን ትቀይሪያለሽ። የመጀመሪያው ነፃ ነው። ኬ40 ዊስፐርር የሚባል አለ፣ ሜርኬ40ቲ የሚባልም አለ። ሁለቱም ኮዳቸው ክፍት ነው፣ ሁለቱም ያንን ወርቃማ ቁልፍ አይጠይቁም። ሰውዬውን መፈለግሽን ተዪው።

ሻርጃ_ሳይን

እኔ አልስማማም። ሻርጃ ውስጥ ማስታወቂያ ቤት ነው የምሠራው፣ ሩይዳ 6442 ያላቸው ማሽኖች ላይ ነው የምውለው። ኤም2 ናኖ አሻንጉሊት ነው። ኃይሉን ከሶፍትዌር ማዘዝ አይቻልም፣ በእጅሽ ነው የምታዞሪው። አንድ ሥራ ላይ ቀረጻውን በትንሽ ኃይል፣ ቆረጣውን በትልቅ ኃይል ልሥራ ብትዪ መሃል ላይ ቆመሽ የኃይል ማስተካከያውን ማዞር አለብሽ። የፎቶ ጥላ ልቅረጽ ብትዪም ነጥብ በነጥብ ካልሆነ ሌላ መንገድ የለም። ቦርዱን በጂአርቢኤል ወይም በሩይዳ ቀይሪውና ላይትበርንሽን ግዢ። አንዴ አውጥተሽ ትገላገያለሽ።

ሩይዳ ሌላም ጥቅም አለው። ፋይሉን ማሽኑ ራሱ ላይ ታስቀምጫለሽ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ብታጠፊውም ከማሽኑ ስክሪን ትጀምሪዋለሽ። ጂአርቢኤልና ኤም2 ናኖ ግን ትዕዛዙን ከላፕቶፑ እየተቀበሉ ነው የሚሄዱት። ላፕቶፑ ካንቀላፋ ሥራውም ይቆማል።

ቦርድ_ፈቺ

የሻርጃው፣ ያልካው ሁሉ ልክ ነው። ግን ልጅቷ የቁልፍ መያዣ ነው የምትቀርጸው። ቦርድ ለመቀየር ቦርዱ መምጣት አለበት፤ ወይ ከዱባይ የሚመጣ ሰው ይጠበቃል፣ ወይ ጉምሩክ። ሽቦው ሲገጠም ደግሞ የገደብ ማብሪያዎቹ፣ የሞተሮቹ ገመድና የፓወር ሰፕላዩ መቆጣጠሪያ መስመር በትክክል መገናኘት አለባቸው። ሩይዳ ከሆነማ የሞተር ድራይቨሮችም ለብቻ ይገዛሉ። መጀመሪያ ባለው ትሥራ፣ ገቢ ታግኝ፤ ከዚያ ኃይል ከሶፍትዌር ማዘዝ እንደሚያስፈልጋት ራሷ ታየዋለች።

ደግሞ ሜርኬ40ቲ ያንን ችግር በከፊል ያቃልለዋል። ጨረሩን እያበራና እያጠፋ ኃይሉን የቀነሰ ያስመስለዋል፤ በአንድ ኢንች ስንት ጊዜ እንደሚተኩስ ትመርጫለሽ፣ ሙሉው 1000 ነው። እንደ እውነተኛው ባይሆንም ለእንጨት ይበቃል።

ናዝሬት_ሌዘር

ክሩን ስለጠለፍኩት ይቅርታ፣ የኔም የሶፍትዌር ጉዳይ ስለሆነ ነው። የዳዮድ ማሽን ነው ያለኝ፣ ጂአርቢኤል። ላይትበርን ወዲያው አግኝቶታል። ችግሩ ኃይሉ ነው። 20 በመቶ ስለው ኮምፖርሳቶውን ያከስለዋል። 30 ብለውና 80 ብለው ደግሞ ልዩነት የለውም፣ ሁለቱም ያቃጥላሉ። አብሮት በመጣው የስልክ አፕ ስሠራበት ግን ልክ ነው። ላይትበርን ነው ጥፋቱ?

ቦርድ_ፈቺ

ወንድሜ፣ ሁለቱ በቁጥር አልተግባቡም። ላይትበርን ውስጥ ኮንሶል የሚለው ጋ ገብተህ $$ ብለህ ጻፍ። ረጅም ዝርዝር ይመጣልሃል። $30 የሚለው ስንት ነው? $32 ደግሞ ስንት ነው?

ናዝሬት_ሌዘር

$30=255 ይላል። $32=0።

ቦርድ_ፈቺ

ሁለት ነገር አገኘን። መጀመሪያ $30ን እንየው። ቦርድህ «ሙሉ ኃይል ማለት 255 ነው» ብሎ ያምናል። ላይትበርን ደግሞ ካልነገርከው ሙሉ ኃይል 1000 ነው ብሎ ያስባል። ስለዚህ 20 በመቶ ስትለው 200 ብሎ ይልካል። 200 ለ255 ሲካፈል 78 በመቶ አካባቢ ነው። ኮምፖርሳቶህ ቢከስል ምን ይገርማል? ከ26 በመቶ ጀምሮ የምትልከው ሁሉ ከ255 ስለሚያልፍ ሙሉ ኃይል ይሆናል። 30ውና 80ው አንድ የሆኑብህ ለዚህ ነው።

ማስተካከያው የላይትበርን የማሽን ቅንብር ውስጥ ነው፤ የኤስ ቫልዩ ከፍተኛውን 255 አድርገው። ቦርዱ ላይ $30=1000 ብለህ መጻፍም ትችላለህ፤ ግን ያኔ የስልኩ አፕ የሚልከው ከ255 ካላለፈ በአፑ ስትሠራ ከሩብ ኃይል በላይ አይሰጥህም። ሁለቱንም የምትጠቀም ከሆነ ቦርዱን ተወው፣ ላይትበርኑን ቀይር።

$32 ዜሮ መሆኑ ግን ቦርዱ ላይ ራሱ መስተካከል አለበት። $32=1 ብለህ ጻፍና አስገባ። ጂአርቢኤል መጀመሪያ የተጻፈው ለመፈልፈያ ማሽን ነው። ዜሮ ሲሆን ሌዘሩን የሚሽከረከር ሞተር አድርጎ ይቆጥረዋል፣ ኃይል በተቀየረ ቁጥር ይቆማል፣ የቆመበት ቦታ ላይ ጥቁር ነጥብ ይቀራል። አንድ ሲሆን ደግሞ ኤም4 የሚባለው ትዕዛዝ በደንብ ይሠራል፤ ጭንቅላቱ ማዕዘን ላይ ፍጥነት ሲቀንስ ኃይሉም አብሮ ይቀንሳል።

ናዝሬት_ሌዘር

አቦ ተባረክ! ማዕዘኑ ላይ ያለው ጥቁር ነጥብም ግራ አጋብቶኝ ነበር፣ ሌንሱ ቆሽሾ መስሎኝ ስጠርገው ነው የከረምኩት።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሰላም፣ ከሜሪላንድ ነኝ። እዚህ ግሎውፎርጅ አለኝ፣ ወድጄዋለሁ። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ሱቅ ሊከፍት ነውና ልላክለት አስቤያለሁ። በላይትበርን ይሠራለታል?

ቦርድ_ፈቺ

አይሠራም። ግሎውፎርጅ የሚታዘዘው በራሱ ድረ ገጽ በኩል ብቻ ነው። ዲዛይኑን ወደ ማሽን ትዕዛዝ የሚቀይረው እዚያው ኢንተርኔት ላይ ያለው የኩባንያው ሰርቨር ነው። ላይትበርን ላይ ነድፎ ፋይሉን ድረ ገጹ ላይ መጫን ይችላል፤ በቀጥታ ማገናኘት ግን የለም። እርስዎ ሜሪላንድ ሆነው ኢንተርኔት ስለማይቋረጥ ላይሰማዎት ይችላል። እዚህ ግን ኔትወርክ ሲሄድ ማሽኑም ሥራ ይፈታል። ለልጁ በዩኤስቢ ገመድ የሚሠራ ይሻለዋል። ቮልቱም 220 መቀበሉን አይርሱ።

ፒያሳ_ወርቅ

እኔ ቀለበት ውስጥ ስም የምጽፍበት ፋይበር ሌዘር አለኝ። ኢዚካድ2 ነው የምጠቀመው፣ አስቀያሚ ቢሆንም ይሠራል። ወደ ላይትበርን ልዞር ብል የማጣው ነገር አለ?

ቦርድ_ፈቺ

ቦርዱ የቤጂንግ ጄሲዜድ (ኢዚካድን የሚሠራው ኩባንያ) እውነተኛው ከሆነ ላይትበርን ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይደግፈዋል። ተመሳስለው የተሠሩት ቦርዶች ላይ ግን ዋስትና የለም። አንዳንዶቹ ከአንድ የተለወጠ ኢዚካድ ውጭ ከማንም ጋር አይነጋገሩም። ኢዚካድ3 የሚጠቀሙትም ሌላ ቦርድ ናቸው።

አንድ ነገር አደራ። የድሮውን ኢዚካድ2 ማህደር ከመንካትህ በፊት በፍላሽ ገልብጠህ አስቀምጥ። እዚያ ውስጥ ማርክሲኤፍጂ7 የሚባል ፋይልና የሌንስ ማረሚያው ፋይል አሉ። ያንተ ማሽን ልኬት ያለው እዚያ ነው። ላይትበርን ከዚያ ያነበዋል። ያ ከጠፋ ካሬ ስትጽፍ ጎኑ ያበጠ ትራስ ሆኖ ይወጣልሃል፣ ቀለበት ላይ ደግሞ ግማሽ ሚሊሜትር ስህተት አያስቅም። የሙከራ ጊዜው 30 ቀን ስለሆነ ሳትከፍል ሁሉንም ሞክረህ ጨርስ።

ፔንግዊን_ጎንደር

ሊኑክስ ላይ ያለነውስ? ላይትበርን ለሊኑክስ ማውጣቱን 1.7 ላይ ነው ያቆመው። እኔ በሜርኬ40ቲ ነው የምሠራው፣ ፓይተን ስለሆነ የትም ይነሳል። ሌዘርጂአርቢኤል የሚባለው ሶፍትዌር ደግሞ የዊንዶውስ ብቻ ነው፤ ማክ ያላችሁ እንዳትደክሙ።

ኮፒ_ፔስት

ቤተሰብ፣ የተሰበረ ላይትበርን ያለው ሰው በውስጥ መስመር ይላክልኝ 🙏

አስተባባሪ

የተሰበረ (ያለ ፈቃድ የተከፈተ) ሶፍትዌር እዚህ አይጠየቅም፣ አይሰጥም። ከዚህ በኋላ የመጡትን ሁለት መልሶች አንስቻለሁ። የክፍያ ካርድ ችግር ላለባችሁ፦ የፈቃድ ቁልፉ በኢሜይል የሚመጣ ነው፣ ውጭ ያለ ዘመድ ሊገዛላችሁ ይችላል። አንዴ የተገዛ ፈቃድ የማሻሻያ ጊዜው ቢያልቅም ያለው ስሪት መሥራቱን ይቀጥላል።

ፊደል_ወዳድ

የአማርኛውን ጥያቄ ሁላችሁም ዘለላችሁት፣ እኔ ልመልሰው። እህቴ፣ ደንበኞችሽ የሚያመጡት ጽሑፍ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በመሰሉ አሮጌ ፎንቶች የተጻፈ ነው። እነዚያ ፎንቶች ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት የነበሩ ናቸው። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደል ነው፣ ፎንቱ ነው ላዩ ላይ የግዕዝ መልክ የሚያለብሰው። ያ ፎንት አንቺ ጋ ከሌለ ልብሱ ይወልቃል። ብዙ ማተሚያ ቤት አሁንም የሠርግ ካርድ በዚያው ይጽፋል።

መፍትሔው ደንበኛው ጋ ነው ያለው። በኮሬል ድሮው ከጻፉት ጽሑፉን መርጠው ኮንትሮል ኪው ይበሉት፣ ወደ መስመር ይቀየራል። ከዚያ በኋላ የትም ቢሄድ ቅርጽ ነው፣ ፎንት አይጠይቅም። አንቺ ራስሽ ስትጽፊ ደግሞ በዩኒኮድ ጻፊና ኢንክስኬፕ የሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ ሺፍት ኮንትሮል ሲ በዪው። ይህን የምልሽ ለሁሉም ሶፍትዌር ነው፤ ላይትበርን የኮምፒውተሩን ፎንት ስለሚጠቀም አማርኛ ይጽፋል፣ ፋይሉን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቺው ግን ፎንቱ ከሌለ ያው ችግር ነው።

የፎንት ምርጫም አለ። ኒያላ ወረቀት ላይ ያምራል፤ ትንሽ እንጨት ላይ ግን ቀጫጭኖቹ ሰረዞች ይጠፋሉ። «ጸ» እና «ጿ» የሚለዩባት ጭረት ከጠፋች ደንበኛ ይመልስልሻል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወፈር ያለውን ሞክሪ።

ሽሮሜዳ_እንጨት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከዊስፐርር ልጀምር አስቤያለሁ። ድራይቨሩን እንዴት ነው የማደርገው?

ቦርድ_ፈቺ

ዛዲግ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አውርጂ። ማሽኑን አብርተሽ ዩኤስቢውን ሰክተሽ ክፈቺው፣ ሁሉንም መሣሪያ አሳይ በዪው፣ ሲኤች341 የሚለውን ምረጪ። እዚህ ጋ ተጠንቀቂ፣ አይጥሽን ወይም ሌላ ነገር መርጠሽ እንዳትቀይሪው። ከዚያ ሊብዩኤስቢ ዊን32ን መርጠሽ ጫኚ። ይህ ሲደረግ ሲዲው ላይ ያለው ፕሮግራም ማሽኑን አያየውም፤ ለሱ የሚሆነው ድራይቨር ሌላ ነው። አንቺ ቁልፉም ስለሌለሽ የሚቀርብሽ ነገር የለም።

ዊስፐርር ሲከፈት ቅንብር ውስጥ የቦርድ ስም ይጠይቅሻል፣ ሌዘር ኤም2 የሚለውን ምረጪ። ሥራውን የሚለየው በቀለም ነው። ንጹህ ቀይ መስመር ይቆረጣል፣ ንጹህ ሰማያዊ መስመር ይጻፋል፣ የቀረው ሁሉ እንደ ምስል ይቀረጻል። ወደ ቀይ የሚጠጋ ብርቱካናማ ካደረግሽው ሊቆርጥ ሲገባው ይቀርጸዋል። ኢንክስኬፕም ኮምፒውተሩ ላይ መኖር አለበት፣ ዊስፐርር ፋይሉን ለማንበብ ይጠቀምበታል።

መርፌዋን ከ15 ሚሊአምፔር አታሳልፊያት፣ ቱቦው ዕድሜው ያጥራል። ውኃው እየዞረ መሆኑን ሳታዪም አትተኩሺ። በተለይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ይበራል፣ የፓምፑ ሶኬት ግን ላልቶ ሊቀር ይችላል። የማሽኑን ኤርዝም በኤሌክትሪሺያን አስይው።

ሽሮሜዳ_እንጨት

ሠራ!!! ጭንቅላቱ ግራ ጥግ ሄዶ ቆመ፣ ስሜን በአማርኛ ኤምዲኤፍ ላይ ጻፈ። ቆረጣውም ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። 10 ሳንቲሜትር ካሬ ሣልኩ፣ ተቆርጦ ስለካው 9 ሳንቲሜትር ከ4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቀበቶው ላልቶ ይሆን?

ሻርጃ_ሳይን

ቀበቶ ከላላ መስመሩ ይወላገዳል እንጂ እንዲህ እኩል አያንስም። በሁለቱም ጎን ነው ያነሰው?

ሽሮሜዳ_እንጨት

አዎ፣ በሁለቱም እኩል ነው።

ቦርድ_ፈቺ

የኢንክስኬፕሽ ስሪት 0.91 ወይም ከዚያ በታች ነው፣ አይደል? አሮጌዎቹ አንድን ኢንች በ90 ነጥብ ነበር የሚቆጥሩት። ከ0.92 ወዲህ 96 ሆኗል። በ90 የተሣለ በ96 ሲነበብ 100 ሚሊሜትሩ 93.75 ይሆናል። አዲሱን ጫኚ፣ የገጹን መለኪያ ሚሊሜትር አድርጊና ካሬውን እንደገና ሣዪው። አሮጌ ፋይሎችሽን ስትከፍቺ ኢንክስኬፕ ስለዚሁ ነገር ይጠይቅሻል፣ ሳታነቢ እሺ አትበዪው።

ሽሮሜዳ_እንጨት

0.91 ነው፣ ሲዲው ላይ የነበረው። አዲሱን እያወረድኩ ነው።